አዲስ ፍሪሲዮን የሚሟሸው በኪሎ ሜትር አይደለም

ለጉልበተኛ መኪና የተሠራ አዲስ ፍሪሲዮን የገዛ ሰው ካርቶኑን ሲከፍት ከዕቃው ጋር አንዲት ወረቀት ያገኛል። ብዙውን ጊዜ መልእክቷ አንድ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር በከተማ ውስጥ በእርጋታ ይንዱ። አንባቢው ቁጥሩን ይይዛል፤ «በከተማ ውስጥ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ግን እንደ ዘበት ያልፋቸዋል። ከዚያም ረጅም አውራ ጎዳና ይመርጥና በሁለት ቀን ውስጥ 800 ኪሎ ሜትሩን ይሞላል። በሦስተኛው ቀን ነዳጁን እስከ ወለሉ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ዕቃው ብልሹ ነው ይባልና ጣጣው ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ ዕቃው ብልሽት የለበትም፤ ገና አልተሟሸም። ሁለት ቀን ሙሉ የተነዳው መኪናው ነው። ፍሪሲዮኑ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ሥራ የሠራው ምናልባት ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከዕቃው አሠራር መነሣት ያስፈልጋል።

ፍሪሲዮን ሥራው ምንድን ነው?

ሞተር አንዴ ከተነሣ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። መኪናው መብራት ላይ ቆሞም ቢሆን ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ጎማው ደግሞ መቆም አለበት። የሚሽከረከረውን ከቆመው ጋር ሳያጋጩ ማገናኘት፣ ሲያስፈልግም ማለያየት የፍሪሲዮን ሥራ ነው።

ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ቮላኖ ነው፤ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ታስሮ አብሮት የሚዞር ከባድ ክብ ብረት። ሁለተኛው በሁለቱም ፊቱ ሸራ (ብረቱን በፍትጊያ የሚይዝ ልባስ) የለበሰውና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ዘንግ ጋር የተያያዘው ዲስክ ነው። ሦስተኛው ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ የሚይዘው መጫኛ ሳህን ሲሆን፣ በጋራዥ ስሙ ፕሬዠር ፕሌት ይባላል። ከዚህ ሳህን ጀርባ ኃይለኛ ሞላ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞላው ሳህኑን ይለቅና ዲስኩ በሁለት ብረቶች መካከል ነጻ ይሆናል። እግር ሲነሣ ሞላው ተመልሶ ይጫናል፣ ዲስኩ ይጨመቃል፣ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ይዞራሉ።

የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች መካከል ነው። ፔዳሉ ከወለሉ ተነሥቶ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ባለችው አንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ብረቱ በአንድ ፍጥነት፣ ሸራው በሌላ ፍጥነት እየዞሩ ይፋተጋሉ። ሙቀቱ የሚፈጠረው፣ ሸራው የሚያልቀው፣ ደግሞም የሚሟሸው በዚህች ጊዜ ነው። ፍሪሲዮኑ አንዴ ከያዘ በኋላ ሸራውና ብረቱ አብረው ስለሚዞሩ በመካከላቸው ፍትጊያ የለም። በአምስተኛ ማርሽ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ፍሪሲዮኑ ተኝቷል ማለት ይቻላል።

የጉልበተኛ መኪና ፍሪሲዮን በምን ይለያል?

አንድ ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት ሊሸከም የሚችለው የማዞር ጉልበት የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ ሞላው የሚጫንበት ኃይል፣ ሸራው ብረቱን የመያዝ ብቃቱ፣ ከመሀል እስከ ሸራው ያለው ርቀት፣ እና የሚፋተጉት ገጾች ብዛት።

በምሳሌ እንየው። ሞላው በ10,000 ኒውተን ይጫን፤ የሸራው የፍትጊያ መጠን 0.3 ይሁን፤ ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ገጾቹ ሁለት ይሁኑ። ሲባዛ 600 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ሞተሩ 500 ቢሰጥ ፍሪሲዮኑ ተርፎት ይሸከመዋል። አሁን ሞላውንም ርቀቱንም ሳንነካ የፍትጊያውን መጠን ብቻ ወደ 0.2 እናውርደው። ውጤቱ 400 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ያው ዕቃ፣ ያው ሞተር፣ ግን አሁን ይንሸራተታል። ያልተሟሸ ፍሪሲዮን ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት የሚሸከመው ከተሟሸ በኋላ ነው።

አምራቾች ይህን ጉልበት ለማሳደግ ሞላውን ያጠነክራሉ፣ ሸራውን ይቀይራሉ፣ ወይም ዲስኮቹን ሁለት ያደርጋሉ። ሁለት ዲስክ ማለት አራት ገጽ ስለሆነ ፔዳሉ ሳይከብድ ጉልበቱ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ፔዳሉ ስለከበደ ብቻ ፍሪሲዮኑ ብርቱ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

አዲስ ዕቃ ለምን መሟሸት ያስፈልገዋል?

አዲስ ሸክላ በአንድ ጊዜ ኃይለኛ እሳት ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃል፤ ቀስ በቀስ ሙቀት ሲለምድ ግን ይጠነክራል። የፍሪሲዮን ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በማሟሸት ጊዜ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይከናወናሉ።

የመጀመሪያው ገጽ ከገጽ መገጣጠም ነው። አዲስ ሸራ በዓይን ሲታይ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ገጹ የታደሰ ቮላኖም በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። በማጉያ መነጽር ግን ሁለቱም ኮረብታና ሸለቆ ናቸው። ሁለት ጥርብ ድንጋዮችን አንዱን በአንዱ ላይ ብናስቀምጥ የሚነካኩት ከፍ ባሉ ጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ አዲሱ ሸራም ቮላኖውን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው። ሞላው የሚጭነው ኃይልም፣ የሚፈጠረው ሙቀትም በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ላይ ይከማቻል። ፍሪሲዮኑ በተያዘና በተለቀቀ ቁጥር ኮረብታዎቹ በጥቂቱ እየተላጉ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል።

ሁለተኛው፣ ሸራው ከራሱ ጥቂት ለብረቱ ያካፍላል። ሲፋተግ የሚወጣው ደቃቅ ነገር በቮላኖውና በመጫኛው ሳህን ላይ እንደ ስስ ቀለም ይለጠፋል፣ ጭረቶቹንም ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሸራው የሚፋተገው በከፊል ከራሱ ዓይነት ጋር ስለሚሆን አያያዙ የተረጋጋ ይሆናል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ግን ከእሱ ነው። የተለመደው ሸራ ከቃጫ መሰል ክሮች፣ ከነሐስ ወይም ከመዳብ ሽቦና ከሌሎች ነገሮች ተደባልቆ በሙጫ የተያያዘ ነው። ሙጫው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ቢደርቅም ገጹ ላይ ገና የሚተን ነገር ይቀረዋል። ሙቀቱ በመጠኑ ከፍ እያለና እየበረደ ሲመላለስበት ያ ትርፍ ቀስ ብሎ ይወጣል። እርጥብ ጣውላ በጥላ ሲደርቅ ቀጥ እንደሚል፣ እሳት አጠገብ ሲደርቅ ግን እንደሚጣመም ያለ ነው። ሙቀቱ በድንገት ከመጣ ሙጫው ወደ ገጹ ይወጣና ጠንክሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ሸራው መስታወት ለበሰ ማለት ነው።

መስታወት የለበሰ ሸራ መጥፎ አዙሪት ውስጥ ይገባል። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ስለተንሸራተተ ይሞቃል፣ ስለሞቀ ደግሞ ይብስበታል።

አንድ ጊዜ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዲስኮች አይቼ ነበር። አንደኛው ብዙ ዓመት ያገለገለ ነው። ሸራው ሳስቷል፣ ግን መልኩ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ጣት ሲያልፍበት ትንሽ ዱቄት ይተዋል። ሁለተኛው ከተገጠመ ገና ሳምንታት የሆነው ነው። ውፍረቱ ልክ እንደ አዲስ አለ። ገጹ ግን ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ የአምፖሉ ብርሃን ይታይበታል፣ ጥፍር ሲጎተትበት እንደ ሴራሚክ ሳህን ያንሸራትታል። አብሮት የወጣው ቮላኖ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ምልክቶች ክብ ሠርተው ይታያሉ። ብረት ሰማያዊ ቀለም የሚይዘው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። ያን ሁሉ ውፍረት ይዞ የተጣለ ዲስክ ማየት ያናድዳል፤ ሸራው ሥራውን ሳይጀምር ነው ያለቀለት።

ታዲያ 800 ኪሎ ሜትር ለምን ተጻፈ?

መኪና ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ አለ፤ ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደተለቀቀ የሚቆጥር ግን በአብዛኛው የለም። ስለዚህ አምራቾች የሚፈልጉትን ነገር ሊለካ በሚችል ነገር ይነግሩናል። በከተማ ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ ማርሽ ቢቀየር፣ 800 ኪሎ ሜትር ማለት 2,400 ጊዜ መያዝና መልቀቅ ነው። ወረቀቷ የምትፈልገው ይህን ነው። በአውራ ጎዳና የተነዳ ኪሎ ሜትር ከሒሳቡ ውጭ ነው፤ ፍሪሲዮኑን አይጎዳውም፣ አያሟሸውምም። ረጅም መንገድ መሄድ የግድ ከሆነ ይሂዱ፤ ያን ርቀት ግን አይቁጠሩት።

ቁጥሩ ከአምራች አምራች ይለያያል። 500 ኪሎ ሜትር የሚሉ አሉ፣ ከ1,000 በላይ የሚጠይቁም አሉ። የእርስዎ ዕቃ አምራች የሰጠው መመሪያ ከማንም ምክር ይቀድማል፤ ይህንንም ጽሑፍ ጨምሮ።

«በእርጋታ» ሲባል ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሞተሩ በአንድ ፍጥነት እየዞረ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት መኪናው ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስ ካገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የእንቅስቃሴ ኃይል ደግሞ ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል።

1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በዚህ ዙር የተነሣ መኪና ፍሪሲዮኑ ላይ 8 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይተዋል። አሽከርካሪው ሞተሩን 6,000 ላይ አድርሶ ቢለቅ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሙቀቱ 133 ኪሎ ጁል ይሆናል። ዙሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አሥራ ስድስት እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ቮላኖውና መጫኛው ሳህን በአንድነት 10 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ የመጀመሪያው አነሣስ ብረቱን በአማካይ በ2 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል፤ ሁለተኛው በ30 ዲግሪ። ሠላሳ ዲግሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ብረቱ ውስጥ ለመሰራጨት ጊዜ አያገኝም፤ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ በገጹ ላይ፣ ያውም ባልተሟሸ ፍሪሲዮን በእነዚያ ጥቂት ኮረብታዎች ላይ ይከማቻል። እነሱ የሚደርሱበት ሙቀት ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ አነሣስ ሳይበርድ ሦስት አራት ጊዜ ቢደጋገም የሸራው ዕጣ ይታወቃል።

አንድ ስሕተት ደግሞ ከጥንቃቄ ይመጣል። «በእርጋታ» ሲባል ፔዳሉን በጣም ቀስ አድርጎ መልቀቅ የሚመስላቸው አሉ። ሦስትና አራት ሰከንድ እያንሸራተቱ መኪናውን ማስነሣት ርኅራኄ አይደለም። የሚፈለገው ዝቅተኛ ዙር፣ ትንሽ ነዳጅ፣ አጭርና ንጹሕ መያዝ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን አግዶ መያዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ይመስላሉ?

የመጀመሪያውን ቀን በዓይነ ሕሊና እንየው። መኪናው ከጋራዥ ወጥቷል፤ ፔዳሉ ከቀድሞው ይከብዳል፣ የሚይዝበት ቦታም ተቀይሯል። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩን ከ1,200 እስከ 1,800 ዙር ገደማ አድርጎ፣ የሚይዝበትን ቦታ እግር እስኪለምደው ድረስ ጥቂት ጊዜ መነሣትና መቆም ጥሩ ጅምር ነው። ከዚያ መብራትና መታጠፊያ የሚበዛበት መንገድ ይመረጣል። ማርሽ በ3,000 ዙር አካባቢ ይቀየራል፣ ነዳጅ መስጫው ከግማሽ በላይ አይረገጥም፣ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ግፊቱን እንዲያነሣ አይደረግም። ማርሽ ሲቀነስም ፍሪሲዮኑ ስለሚሠራ ይቆጠራል፤ በለሰለሰ ሁኔታ እስከሆነ ድረስ። በመጨናነቅ ውስጥ ብዙ ከተቆየ ወይም ሽታ ከመጣ ቆም ብሎ ማብረድ ያስፈልጋል። ሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቃቸው ራሱ የማሟሸቱ አካል ነው።

በዚህ ጊዜ ተጎታች መሳብ፣ ውድድር መግባት፣ የሞተሩን ጉልበት በመለኪያ ማሽን ላይ ማስለካት የለም። ብዙ ፍሪሲዮን የሚቃጠለው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ባለቤቱ አዲሱን ዕቃ አስገጥሞ በማግስቱ መኪናውን ለማስተካከያ ማሽን ላይ ያወጣዋል።

የሸራው ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ከላይ የተነገረው በዋናነት ኦርጋኒክ የሚባለውን፣ በሙጫ የተያያዘውን ሸራ ይመለከታል። በኬቭላር የተሠራው ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኬቭላር እ.ኤ.አ. በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ያገኘችው እጅግ ጠንካራ ክር ነው። ቶሎ ስለማያልቅ ኮረብታዎቹ ለመላጋት ጊዜ ይወስዳሉ፤ በዚያ መካከል ከልክ በላይ ከሞቀም መስታወት ይለብሳል። በአግባቡ ከተሟሸ ግን ዕድሜው ረጅም ነው።

ሴራሚክ የሚባለው፣ በተለያዩ አምራቾች ዘንድ ከመዳብ፣ ከብረትና ከሌሎች ዱቄቶች በሙቀት ተጋግሮ የሚሠራው ቁራጭ፣ ሙጫ ስለሌለው ከፍተኛ ሙቀት ይችላል። አያያዙ ግን ድንገተኛ ነው። መስታወት የመልበስ ሥጋቱ ቢያንስም ገጽ ከገጽ መገጣጠሙ ለእርሱም ያስፈልጋል፤ ሴራሚክ ስለሆነ መሟሸት አያሻውም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ከመገጠሙ በፊት ምን መታየት አለበት?

ማሟሸት የሚያድነው በትክክል የተገጠመን ዕቃ ብቻ ነው። አዲስ ቮላኖና መጫኛ ሳህን ዝገት እንዳይነካቸው ዘይት ተቀብተው ስለሚመጡ በፍሬን ማጽጃ መታጠብ አለባቸው። ሸራው በዘይት ወይም በግራሶ በቆሸሸ እጅ አይነካም። አሮጌው ቮላኖ ተመልሶ የሚገጠም ከሆነ ገጹ መታደስ አለበት፤ አዲስ ሸራ በአሮጌ መስታወት ላይ ተፋትጎ አይሟሽም። በውስጣቸው ሞላ ያላቸው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖዎች ግን በአብዛኛው አይታደሱም፣ ይለወጣሉ። የሞተሩ የኋላ ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) የሚያንጠባጥብ ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ሥራው ቀላል ነው፣ ካልተቀየረ ግን አዲሱን ሸራ በዘይት ያርሰዋል። አሮጌውን ዱቄት በአየር ግፊት መንፋትም አይገባም፤ በድሮ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ነበር።

መንቀጥቀጡና ሽታው የጤና ነው?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናው ሲነሣ ትንሽ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው፤ የሚነካካው ገጽ ገና ያልሞላ ስለሆነ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ሴራሚክ ላይ ከተሟሸ በኋላም ጥቂቱ ሊቀር ይችላል። ቀለል ያለ ሽታም ያለ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቃጠሎ ሽታ፣ ጭስ፣ ወይም ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር መኪናው አለመከተሉ ግን የማሟሸት ምልክቶች አይደሉም። ያን ጊዜ ማቆም፣ ማብረድና የፔዳሉን ማስተካከያ ማየት ይገባል። ፔዳሉ ላይ ያለው የነጻ እንቅስቃሴ ካነሰ ሞላው ሙሉ በሙሉ ስለማይጫን ፍሪሲዮኑ ሳይታወቅ እየተንሸራተተ ራሱን ያቃጥላል። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳትም ያንኑ ያስከትላል።

ቀለል ያለ መስታወት አንዳንድ ጊዜ ለተወሰነ ጊዜ በለሰለሰ አነዳድ ይላጋል። ሰማያዊ ምልክት ያወጣ ቮላኖ ግን በራሱ አይመለስም፤ በኃይል ሞቀው በፍጥነት የበረዱ ቦታዎች ከቀሪው ብረት ይልቅ ጠንክረው ስለሚቀሩ ሸራውን እያነጠሩ ያንቀጠቅጡታል።

ሙሉ ጉልበት መስጠት የሚቻለው መቼ ነው?

የተመደበው ርቀት በከተማ ተሞልቶ፣ ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ከቀን ወደ ቀን መለዋወጡን ሲያቆምና መንቀጥቀጡ ሲቀንስ። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ወደ ሦስት አራተኛ ማድረስ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉውን መርገጥ ይቻላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ዙሩን ቶሎ ስለሚጨርስ ፍሪሲዮኑ ከፍተኛውን ጉልበት የሚሸከመው ለአጭር ጊዜ ነው። በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ቱርቦው ግፊቱን አንሥቶ ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ያ ጉልበት ለብዙ ሰከንድ ሳያቋርጥ ይጫነዋል። ፍሪሲዮን መንሸራተት አለመንሸራተቱ የሚፈተነው በዚሁ ሁኔታ ነው። ይህን ፈተና የመጨረሻ ያድርጉት፤ ሲሞክሩትም የዙር መቁጠሪያውን ይመልከቱ። ቀስቱ ከፍጥነቱ ቀድሞ ከዘለለ እግርዎን ወዲያው ከነዳጁ ያንሡና ለተጨማሪ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ከተማው መንገድ ይመለሱ።